ለትንሣኤ የሚገዛው ስስ ጃኬት፦ ስሙን እንምረጥ ወይስ ጨርቁን?



በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች የተከፈለ ሲሆን፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ዘመነ ጸደይ ተብሎ ይጠራል። የትንሣኤ በዓልም ከመጋቢት 26 ቀን በፊት፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም በኋላ ስለማይውል ፋሲካ ዘወትር የጸደይ በዓል ነው። በመሆኑም «ለፋሲካ ምን ልልበስ?» የሚለው የወጣቶች ጥያቄ «በጸደይ ምን ይለበሳል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም በየቤቱ የአባትንና የልጅን ፊት ሲያጠቁር ስለሚታይ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጉዳዩ ላይ ጥቂት አሳብ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቶታል።

በወልድያና በቆቦ መካከል በዋናው መንገድ ላይ የምትገኘውን ጎብዬን ለአብነት እንውሰድ። የራያ ቆላ በሚያዝያና በግንቦት ቀኑ ያቃጥላል፤ የበልግ ዝናብ ጣል ባደረገበት ምሽት ግን ነፋሱ ይቀዘቅዛል። አባቶች ለዚህ አየር መፍትሔ ነበራቸው። ቀን በሽርጥና በሸሚዝ ይውላሉ፤ ሲመሽ ኩታቸውን ወይም ጋቢያቸውን ይደርባሉ። የዛሬው ወጣት ደግሞ በኩታው ፋንታ ጃኬት መደረብ ይሻል። በዚህ ነውር የለበትም። ለበዓል አምሮ መታየት የቆየ ባህላችን ነው፤ ለዓመት በዓል አዲስ ልብስ ለልጁ ያልተመኘ አባትም የለም። ጭቅጭቁ የሚጀመረው ልጁ የጃኬቱን ጨርቅ ትቶ በደረቱ ላይ የተጻፈውን የውጭ አገር ስም የፈለገ እንደሆነ ነው።

ለመሆኑ ጥሩ ስስ ጃኬት የሚባለው የትኛው ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ጨርቁ ነው። ጥጥ ላብን ይመጥጣል፤ አየርንም ያሳልፋል። ናይለንና ፖሊስተር የተባሉት ሰው ሠራሽ ጨርቆች ግን ውኃ እምብዛም ስለማይመጥጡ፣ ክር አሠራራቸውና ሽመናቸው በተለየ ጥንቃቄ ካልተዘጋጀ በስተቀር ላቡን በገላ ላይ ያስቀሩታል። በውስጥ አንገት ወይም በጎን ስፌት ላይ የምትገኘው ቁራጭ ጨርቅ የጥጡንና የፖሊስተሩን ድርሻ በመቶኛ ትናገራለች። እርስዋን ማንበብ በደረት ላይ ያለውን ጽሑፍ ከማንበብ ይበልጣል። ጽሑፉ የሚያጠራጥር ከሆነ ከስፌቱ ጫፍ አንዲት ክር መዝዞ በእሳት መሞከር ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ፣ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ ልል አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ክር ግን ይኮማተራል፤ ይቀልጣል፤ ጫፉም ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል።

ይህ ሙከራ ለትንሣኤ ሌሊት የተለየ ትርጉም አለው። በዚያች ሌሊት ሕዝበ ክርስቲያኑ ጧፍ አብርቶ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆማል። በእርግጥ ጥጥም ከእሳት አያመልጥም። ሆኖም ሰው ሠራሹ ጨርቅ እሳት ሲነካው ቀልጦ በቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ጉዳቱ የከፋ ነው። በልጆቻችን ትከሻ ላይ የምንጥለውን ጨርቅ ማወቅ እንግዲህ የጌጥ ብቻ ሳይሆን የጥንቃቄም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ሊታይ የሚገባው ገበሩ ነው። ላዩ ንጹሕ ጥጥ ሆኖ ውስጡ ሙሉ በሙሉ በፖሊስተር የተገበረ ጃኬት ለቆላ አይሆንም፤ ገላን የሚነካው ገበሩ ነውና። ገበር የሌለው፣ ወይም በትከሻና በእጅጌ ብቻ የተገበረ ይመረጣል። በዚህ ረገድ የታላላቆቹን ዲዛይነሮች ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1975 በሚላኖ ከተማ ድርጅቱን ያቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፈው ጣሊያናዊው ጆርጅዮ አርማኒ ስሙን ካገነኑለት ሥራዎች አንዱ ከወንዶች ኮት ውስጥ ጠንካራውን ገበርና የትከሻውን ሙሌት ማውጣቱ ነበር። ዓለም በዚያ ዘመን ያደነቀው ልብሱ በገላ ላይ እንደ ልብ እንዲፈስስ መደረጉን ነው። ኩታ ለባሹ የራያ ገበሬ ይህን ምቾት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው ልኩና ስፌቱ ነው። የትከሻው ስፌት በትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ የጃኬቱ ወገብ አብሮ ሊነሣ አይገባም። ጃኬቱ በነጠላ ሥር የሚለበስ ስለሆነም የብረት ጌጥና ሸካራ ዚፕ የበዛበት የነጠላውን ክር ይመዝዛል፤ ስለዚህ ቁልፍ ይሻላል። ቀለሙም ፈካ ያለ ቢሆን ፀሐይን ይመልሳል፤ ከበዓሉ ነጭ ልብስም ጋር ይስማማል።

ስለ ስም ከተነሣ ሊዘነጋ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉትን ስሞች የያዘውን የአሜሪካ ኩባንያ ያስተናግድ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ከዚያ ለቅቆ ወጥቷል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ «አጎዋ» ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ተሰርዛለች። እነዚያ ዓመታት ያስተማሩን ነገር ቢኖር በትልቅ ስም የሚሸጠውን ልብስ የኢትዮጵያ ልጆች እጅ መስፋት እንደሚችል ነው። በአንጻሩ ደግሞ በየገበያው በርካሽ የሚቀርበው ባለ ትልቅ ስም ጃኬት አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ብቻ የተለጠፈበት መሆኑን ገዢውም ሻጩም ያውቁታል። ታዲያ አባት አንድ ኩንታል ጤፍ ሸጦ፣ ወይም ተበድሮ፣ ለሐሰተኛ ስም ዋጋ የሚከፍለው ስለ ምን ነው?

ጉዳዩን ከገንዘብ በላይ የሚያደርገውም አለ። የራያ ቆቦ ወጣቶች በጂቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መሰደዳቸው የአደባባይ ምሥጢር ነው። በ2006 ዓ.ም. ከዚያ አገር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እንዲመለሱ መደረጉ አይረሳም። የስደቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የእርሻ መሬት ጥበት፣ ሥራ ማጣት፣ ድርቅና ጦርነት ይጠቀሳሉ። ጃኬት ሰውን አሰደደ ማለት ሞኝነት ይሆናል። ነገር ግን በፋሲካ ማግሥት ከባሕር ማዶ የተላከ ጃኬት የለበሰውን እያሞገስን፣ በአገሩ አርሶ በንጹሕ ሸማ የወጣውን «ምን አለውና!» የምንለው ከሆነ ለልጆቻችን የምናስተምራቸው ምንድን ነው? ክብር የሚገኘው በመሄድ ነው እያልናቸው አይደለምን? ያ ልጅ ነገ መንገድ ሲጀምር ግን እናቱ ጃኬቱን አታይም፤ በረሃውንና ባሕሩን እያሰበች ታለቅሳለች።

ስለዚህ የጽሑፉ አቅራቢ አሳብ ይህ ነው። አባቶች ሆይ፤ ልጆቻችሁን «ጃኬት አትልበሱ» አትበሏቸው። በዘመናቸው እንዲያምሩ ፍቀዱላቸው። ነገር ግን ከበዓሉ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ከልጃችሁ ጋር ወደ ገበያ ውጡ፤ የጥጥ ጨርቅ አብራችሁ ምረጡ፤ ጨርቁ ከተሰፋ በኋላ እንዳያጥር አስቀድማችሁ እጠቡት፤ ከዚያም ለከተማው ልብስ ሰፊ ስጡት። ልጁ የሚወደውን ቅርጽ ራሱ ይንገረው። ልኩ ለእርሱ የተወሰደለት፣ በሌላ ሰው ላይ የማይገኝ ልብስ ይኖረዋል፤ የዲዛይነር ልብስ ማለትም ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም። እንደ ማሕሌት አፈወርቅና ፍቅርተ አዲስ ያሉ ዲዛይነሮቻችን በሸማኔ እጅ የተሠራ ጨርቅ ለዘመናዊ ልብስ እንደሚሆን አሳይተዋል። የከተማችን ልብስ ሰፊም ሥራ ካገኘ አይሰንፍም።

አንዳንድ ወጣቶች «የሰፈር ስፌት እንደ ፋብሪካው አያምርም» ይላሉ። ቅሬታቸው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ስፌቱ የሚጠማዘዝ፣ ቀጠሮም የማያከብር ባለሙያ አለ። ልብስ ሰፊዎቻችን ይህን ሰምተው ሊያርሙት ይገባል። ደንበኛ በይሉኝታ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሁለተኛ የሚመጣው ግን በሥራው ጥራት ነው።

በመጨረሻም፣ ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ጀምሮ ጦርነት ደጋግሞ የጎበኘው የራያ ቆቦ ምድር የበዓል ልብሱን ከነሣጥኑ ያጣ ብዙ ቤተሰብ ያለበት ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ማስተማሩን ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ ጃኬት በገባበት ቤት የአምናው ጃኬት ታጥቦና ተጠግኖ ለጎረቤት ልጅ ይሰጥ። ሲሰጥም በአደባባይ ሳይሆን በጓሮ በር ይሁን፤ ተቀባዩ በበዓሉ ዕለት አንገቱን ሳይደፋ ከእኩዮቹ ጋር እንዲቆም። ያን ጊዜ በጎብዬ ደብር በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዘው የሚቆሙት ወጣቶች የማን ጃኬት የማን እንደ ነበረ ሳይለይ በአንድነት ያምራሉ።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።