ልጆቻችን በምን እንደወደቁ ንገሩን

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት እና ለክልል ትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች በሙሉ፤

በጅማ ዞን ካሉት የቡና ከተሞች በአንዷ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አዝኜ ነው። በአገራችን ለቅሶ የደረሰ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አይነሳም፤ ሐዘንተኛውም ደጋግሞ ይናገረዋል፣ ሲናገረው ትንሽ ይቀለዋል። የእኛ ልጆች በየዓመቱ በመቶ ሺዎች ሲወድቁ ግን ምን ሆነው እንደወደቁ የነገረን የለም። የተነገረን ቁጥር ብቻ ነው።

ቁጥሩን ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በ1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ አለፉ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,328 ደረሱ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ተባለ። መሻሻሉን አልክድም። ግን ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ዛሬም ወዳቂ ተብለው ወደ ቤት የሚመለሱበት አገር ላይ ሆኜ እፎይ ማለት አልቻልኩም።

ኩረጃ ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ አገር አቀፍ ፈተናው ሲሰረዝ ሁላችንም አይተናል። ያኔ የኦሮሚያ ተማሪዎች በክልሉ በተነሳው ተቃውሞ ምክንያት ለወራት ከትምህርት ርቀው ነበር፤ ጊዜ ይሰጣቸው ሲባል የሰማ አልነበረም። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ተፈታኙ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ እንዲፈተን መደረጉ ሌብነቱን አስታግሶታል፤ ለዚህ ምስጋናዬን አልነፍግም። ፈተናው እውነት መናገር ከጀመረ ግን የተናገረውን እውነት እስከ መጨረሻው መስማት የእናንተ ፋንታ ነው። እስካሁን የተሰማው ግማሹ ነው፤ «ተማሪው አያውቅም» የሚለው ግማሽ።

ሌላውን ግማሽ እኔ ከክፍል ውስጥ ልንገራችሁ።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ እና አፕቲትዩድ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ፋንታ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ አለበት። ስድስቱም ወረቀት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ልጁ እንግሊዝኛ የሚፈተነው አንዴ አይደለም፣ ስድስት ጊዜ ነው። ውጤቱ ላይ «እንግሊዝኛ» ተብሎ የሚጻፈው ግን አንዱ ብቻ ነው። የአምስቱ ጉድለት ፊዚክስ አያውቅም፣ ታሪክ አያውቅም ተብሎ ይመዘገባል።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። በለቀማ ወቅት እሸት ቡና መፈልፈያ እየሠራ የደብተሩንና የቤት ኪራዩን ይችላል። ያለፉ ዓመታት የፊዚክስ ጥያቄዎችን ለንባብ ልምምድ ስናነብ፣ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ነገር የሚጠይቅ ሦስት መስመር ተኩል ጥያቄ ገጠመን። አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሦስተኛ አነበበው፤ ከዚያ ገምቶ አጠቆረ። ተሳስቷል። ያንኑ ጥያቄ በአፋን ኦሮሞ ጠየቅኩት። ሳቅ አለና እጁን እያወዛወዘ ያስረዳኝ ጀመር፦ ቡናው ገንዳ ውስጥ ሲለቀቅ ፍሬው የሞላው ይሰምጣል፣ ባዶውና በተባይ የተበላው ይንሳፈፋል፣ እሱን ከላይ ይገፉታል፤ እኩል ቦታ ይዞ ከውኃ የሚከብደውና የሚቀለው ስለሚለያይ ነው። ከዚያ እስክሪብቶ አንስቶ ስሌቱን ሠራው። መልሱ ትክክል ነበር።

ይህ ልጅ ፊዚክስ ያውቃል። የጣለው ንባብ ነው። በኋላ በእውነተኛው ፈተና የፊዚክስ ውጤቱ ሲመጣ ግን «ማንበብ ይከብደዋል» የሚል ቦታ አልነበረውም። እናንተ ዘንድ የደረሰው አንድ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። እኔ የማለቅሰው ለዚያ ቁጥር አይደለም፣ ከጀርባው ላለው ልጅ ነው።

እዚህ እንዴት እንደደረስን የማታውቁት አይመስለኝም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በእኛ ክልል ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል። ይህ ትክክል ነው፤ ማንም በእኔ ደብዳቤ ተንጠላጥሎ ይህን እንዲነካብኝ አልፈልግም። ሚኒስቴሩ ራሱ ያስጠናውና ካትሊን ሂው ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 ዓ.ም. ያቀረቡት ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ችግሩ ያለው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። አንድ የመስከረም ጠዋት ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ ባዮሎጂው፣ ጂኦግራፊው፣ ሒሳቡ ሁሉ። መሸጋገሪያ የለውም። ጆን ስቶዳርት የተባሉ ባለሙያ በ1978 ዓ.ም. የእንግሊዝኛውን ሁኔታ አጥንተው ቋንቋው ለትምህርቱ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል እንደሆነ ለሚኒስቴሩ አመልክተዋል። ያኔ 9ኛ ክፍል የነበረው ተማሪ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው። የልጅ ልጁም ያንኑ መሰናክል እየጠበቀ ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነት፣ በጌራ፣ በሰቃ ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል። ለቀማው እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። የዓመቱ ገንዘብ የሚገኘው በእነዚያ ሳምንታት ነው፤ ዕዳ የሚከፈለው፣ ቆርቆሮ የሚገዛው፣ ለልጅ ጫማ የሚታሰበው ያኔ ነው። ስለዚህ ልጅ ለቀማ ይወጣል፣ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ያገላብጣል፣ ጀንፈል ይጠብቃል። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ እዩልኝ፦ ሁሉም ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርባቸው የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራትና ልጁ ከክፍል የሚጠፋባቸው ወራት አንድ ናቸው። ልጁ በጥር ተመልሶ ሲቀመጥ መምህሩ ምዕራፍ ሦስት ደርሷል፤ እሱ ገና የምዕራፍ አንድ ቃላት አልገቡትም። ያ ክፍተት እስከ 12ኛ ክፍል አብሮት ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ የትምህርት ካላንደር አላየሁም። የመጀመሪያው የግቢ ፈተና ራሱ በጥቅምት፣ ቡናው ቀልቶ ሳለ ነበር የተሰጠው።

ስለ ማዳመጥም ልናገር፣ ይህ የበለጠ ያንገበግበኛል። በመማሪያ መጽሐፋችን በየምዕራፉ የማዳመጥ ትምህርት አለ። የሚደመጠው ጽሑፍ ያለው ግን በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው፤ መምሪያው በእጅ ከሌለ የሚነበብም የሚደመጥም አይኖርም። ድምፅ ማጫወቻ ባለበት እንኳ መብራት አይታመንም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማዳመጥ በአገር አቀፉ ፈተና ውስጥ የለም። የማይፈተን ነገር በትምህርት ቤት ውስጥ ዕድሜ የለውም፤ ተማሪው ራሱ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል እንዴ?» ብሎ ገጹን ያሳልፈዋል። አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባውን ልጅ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የሚጠብቀው የሁለት ሰዓት ሌክቸር ነው። ተፈትኖ በማያውቀው ችሎታ ሊማር ይቀመጣል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በመጀመሪያው ሴሚስተር መጥተው ያዩኝ ልጆች ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነው፦ ሲነበብ ይገባናል፣ ሲወራ ያመልጠናል።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደያዘው እዩ። ቻይና ጋውካኦ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋ እንግሊዝኛ ከ150 የሚታረም ሲሆን፣ በብሔራዊው ወረቀት 30ው የማዳመጥ ነው። የንባቡ ክፍል ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በፈተናው ቀናት በመፈተኛ ቦታዎች ዙሪያ ግንባታ ይቆማል፣ ጥሩምባ ይከለከላል። ደቡብ ኮሪያ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተናዋ ሲሰጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ አውሮፕላን እንዳይነሳና እንዳያርፍ ታደርጋለች። ልብ በሉ፣ የቻይናም የኮሪያም ልጅ ፊዚክስን የሚማረውም የሚፈተነውም በገዛ ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛ ለእሱ አንድ ትምህርት ነው። ለእኛ ልጅ ግን ትምህርቱ ሁሉ የሚያልፍበት ብቸኛ በር ነው። ለአንድ ትምህርት ሰማይ ጸጥ የሚያሰኙ አሉ፤ ሁሉ ነገራችንን በእሱ ላይ የሰቀልነው እኛ ግን ልጁ መስማት መቻሉን እንኳ ጠይቀን አናውቅም።

ድሮ እዚህ ጅማ ጆሮ ይማር ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከአሜሪካ ኦክላሆማ የመጡ መምህራን ነበሩበት፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ያኔ የተማሩ አዛውንት እንግሊዝኛ ሲናገሩ ልዩነቱ ይሰማል። የተማሪው ቁጥር ትንሽ ስለነበር ያ ዘመን ይመለስ አልልም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ማስተማር መጣ። ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚለቀቀው ትምህርት ቆም አይልም፣ ድገምልኝ ቢባል አይደግምም፤ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። ልጆቹ አፍ ሲንቀሳቀስ አይተው ወጡ። ዛሬ የስክሪኖቹ ሣጥኖች በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ባዶ ቀርተዋል፤ ያ ትውልድ ከዚያ ምን ያህል እንዳተረፈ በግልጽ የነገረን ኃላፊ ግን የለም።

ውጤት የወጣ ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ነበርኩ። በክፍሌ ጎበዝ ከምላቸው አንዷ የመለያ ቁጥሯን በ6284 ልካ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠች። መልእክቱ ሲገባ ጓደኛዋ አነበበችላት። አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ እኔ ሰነፍ ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከማለዳ ጭቃ ረግጣ ስትመላለስ ያየኋት ልጅ ናት። አሁን ፓስፖርት አውጥታ ወደ ዓረብ አገር የሚወስዳትን ሰው እየጠበቀች ነው። እናቷ ባለፈው ሳገኛቸው «አይይ ልጄ፣ ዕድሏ ነው» አሉኝ። ዕድል አይደለም። ዕድል ነው ብለው እንዲቀበሉት የተዋቸው ምን እንደጎደላት ያልነገራቸው አሠራር ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ውጤት በንባብ፣ በቃላትና በሰዋስው ከፋፍላችሁ አውጡት፤ መረጃው ፈተናው በታረመበት ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ያን ጊዜ እኔም የት እንደማተኩር አውቃለሁ፣ ወላጅም ልጁ በምን እንደወደቀ ያውቃል። ማዳመጥን ወደ ፈተናው አስገቡ። በአንድ ዓመት አይሆንም፣ አውቃለሁ፤ ግን የሚጀመርበትን ዓመት ዛሬ ተናገሩ፣ መምሪያውና ድምፁ ቀድሞ ይድረሰን። የ9ኛ ክፍልን የመጀመሪያ ወራት ለመሸጋገሪያ ስጡን፤ የሳይንሱ ቃላት በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተጽፈው ይታደሉ። በቡናው አገር ደግሞ ያ መሸጋገሪያ ልጆቹ ከለቀማ በተመለሱበት በጥር ይሁን፤ ክልሉ ካላንደሩን ማስተካከል አያቅተውም። የፊዚክስና የታሪክ ጥያቄ የምታወጡ ባለሙያዎችም ጥያቄውን አጭርና ቀጥተኛ በሆነ እንግሊዝኛ ጻፉት፤ ፊዚክስ ለመፈተን የተጠማዘዘ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም።

በሬሜዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስገቧቸው ልጆች መኖራቸውን አውቃለሁ። ለእነሱ ደስ ይለኛል። ሬሜዲያሉም ያልደረሳቸው መቶ ሺዎች ግን በየመንደሩ «ወዳቂ» ተብለው ተቀምጠዋል። ለእነሱ ከእናንተ አንድ ነገር ይገባቸዋል፦ የተፈተኑት ባልተማሩበት መንገድ እንደነበር በአደባባይ እንድትናገሩላቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚቀጥለው ውጤት በሚገለጽበት መድረክ ላይ መናገር ትችላላችሁ። መልሳችሁን እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከጅማ ዞን