የሐዳው ዝንጀሮና የጂዳው ቁራ

ቀድሞ በጂዳ ሩዋይስ ትሠራ የነበረች እኅታችን እንዲህ ስትል ጠይቃናለች፤ «አሠሪዎቼ ወደ ጣኢፍ ሲወስዱኝ በሐዳ መንገድ ዳር ያየሁት ዝንጀሮ የሀገሬን ይመስላል፤ አንገቱ ግራጫ የሆነው የጂዳ ቁራ ግን አይመስልም። ለምን ይሆን?» መልካም አይታለች።

ዝንጀሮው የእኛው ነው። ሐማድርያስ ይባላል፤ ወንዱ ባለ ግራጫ ጎፈር ነው፣ ሴቷ ቡናማ። በአዋሽና በድሬዳዋ ዙሪያ፣ በኤርትራ፣ በጅቡቲ፣ በሶማሊያ፣ ከባሕሩ ማዶም በየመንና በሳዑዲ ተራሮች ይኖራል። የዘር ጥናት እንደሚያሳየው ወደ ዐረብ ምድር የተሻገረው ነጋዴ ጭኖት ሳይሆን ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በራሱ ነው። ቁራው ግን እንግዳ ነው፤ አገሩ ሕንድና አካባቢዋ ሲሆን በመርከብ ተሳፍሮ በየወደቡ ወርዶ ቀረ። የእኛን ትልቅ ቁራማ ማጅራቱ ላይ ባለው ነጭ ታውቁታላችሁ።

አኗኗራቸው ደግሞ ከመልካቸው ይልቅ ይለያያል። ወንዱ ሐማድርያስ ሴቶቹን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ አንዷ ራቅ ካለች ዓይኑን ያፈጥባታል፣ ካልተመለሰች ማጅራቷን ይነክሳታል። ሃንስ ኩመር የተባለ የስዊስ ሊቅ በ1960ዎቹ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ይህን በኢትዮጵያ ሲያጠና አንድ ነገር ፈተነ። አኑቢስ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ሴቶቻቸው ወንድ ተከትሎ መሄድን አያውቁም። ከእነዚህ ጥቂቶቹን ይዞ በሐማድርያስ መንጋ መካከል ለቀቃቸው። በአንድ ሰዓት ገደማ ንክሻውን ፈርተው መከተልን ተማሩ። (ይህን ስታነቡ ማን ትዝ እንደሚላችሁ እገምታለሁ።) ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ውለው አድረው አመለጡ።

ቁራዎቹ ጎጆውን፣ ጭራሮ ቢታጣ በሽቦም ቢሆን፣ ወንዱም ሴቷም ይሠራሉ፤ ጫጩቶቹንም ሁለቱም ይመግባሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትዳሩስ የቁራ ይሻላል። በሕንድ አገር ኮኤል የምትባል ወፍ አለች፤ እንቁላሏን በቁራ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች። ቁራዋም ሳታውቅ የሌላዋን ጫጩት ከራሷ ጋር ትቀልባለች። እናንተ ግን የማን ልጅ እንደምታሳድጉ ታውቃላችሁ፤ የራሳችሁም ከጎናችሁ የለም።

ሁለቱም የሰው ትራፊ ይወዳሉ። በሐዳ መንገድ ሰው ከመኪና ሙዝና ዳቦ እየወረወረ ዝንጀሮውን ልመና አስለምዶታል። እንግዲህ ልጆች ይዛችሁ ስትወጡ መስኮቱን ዝጉ፤ ሕፃኑም ምግብ በእጁ ይዞ አይውረድ። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሱ፤ የተነከሳችሁት እናንተም ብትሆኑ እንዲሁ ነው።