ከእኔ ጋር ነው

ዓለም ከተማ ላይ በጥር ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ ከዳሱ በር ላይ አንድ ሰው ያቆማል። ሥራው የተጠራውን ማስገባት፣ ያልተጠራውን በትሕትና መመለስ ነው። የማያውቀውን ሰው «ማን ጠራህ?» ብሎ መጠየቅ አይከብደውም። የሚከብደው የሙሽራው አጎት አንድ የማይታወቅ ሰው አስከትሎ መጥቶ «ከእኔ ጋር ነው» ሲል ነው። አጎትን ማን ይመልሳል? ሁለቱም ይገባሉ።

ውድ አንባቢያን፣ በእጃችሁ ያለው ስልክም ሆነ በመሥሪያ ቤታችሁ ያለው ኮምፒውተር የሚታለለው ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው።

ጸረ ቫይረስ የምንለው ፕሮግራም የሚሠራው የታወቁ ሌቦችን ስምና መልክ እየያዘ ነው። ችግሩ አዲስ ሌባ በየቀኑ መወለዱ ነው። ስለዚህ የደኅንነት ባለሙያዎች ነገሩን ገለበጡት፤ ሌቦቹን ከመመዝገብ ይልቅ እንግዶቹን መመዝገብ ጀመሩ። ኮምፒውተሩ ላይ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ይወጣል፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሁሉ አይከፈትም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 ዊንዶውስ 7ን ሲያወጣ አፕሎከር የተባለ እንዲህ ያለ በር ጠባቂ አብሮ ለመሥሪያ ቤቶች አቅርቧል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዛሬም ከጠንካራዎቹ መከላከያዎች አንዱ ነው።

ነገር ግን አጎትየው አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኬሲ ስሚዝ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ አንድ ነገር አሳየ። ከዊንዶውስ ጋር አብራ የምትመጣ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ የፈረመባት፣ በማንኛውም ዝርዝር ላይ «የታመነች» ተብላ የምትገኝ ትንሽ ፕሮግራም አለች። ይህች ፕሮግራም ከኢንተርኔት ላይ የማይታወቅ ትእዛዝ ተቀብላ ማስፈጸም ትችል ነበር። በር ጠባቂው የሚያያት እሷን ብቻ ነው፤ ያስከተለችውን አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው ብዙ «የታመኑ» ፕሮግራሞች ተለይተዋል። ማይክሮሶፍትም የትኞቹ የራሱ ፕሮግራሞች ቢታገዱ እንደሚሻል የሚመክር ዝርዝር እስከ ማውጣት ደርሷል።

ይህ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ ስለተካሄደ የስለላ ዘመቻ ሰፊ ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ ዘመቻውን ከወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ጋር፣ የስለላ ፕሮግራሙን ደግሞ ሳይበርቢት ከተባለ የእስራኤል ኩባንያ ጋር አያይዞታል። አሜሪካንና ብሪታንያን ጨምሮ በ20 አገሮች የተጠቁ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። እኛን የሚመለከተን ግን አገባቡ ነው። ለተፈለገው ሰው ኢሜይል ይላክለታል፤ ኢሜይሉ የቪዲዮ ድረ ገጽ ወደሚመስል ቦታ ይወስደዋል። እዚያም «ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ አዶቤ ፍላሽን አዘምን» ይባላል። አዶቤ ፍላሽን በዘመኑ የማያውቀው ኮምፒውተር ተጠቃሚ አልነበረም። ሰውየው የታመነውን ስም አይቶ በገዛ እጁ በሩን ከፈተ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የአንድሮይድ ስልክ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ መተግበሪያ ሲያጋጥመው ይከለክላል። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ክልከላው የሚነሣው ለእያንዳንዱ አምጪ በተናጠል ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ዓለም ከተማ ላሉ እናቱ በቴሌግራም የፊልም ማሳያ መተግበሪያ ላከላቸው እንበል። ስልኩ «ቴሌግራም ያልታወቁ መተግበሪያዎችን እንዲጭን ትፈቅዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የሰፈር ልጅ ስልኩን ተቀብሎ «አዎ» ብሎ ይመልስላቸዋል፤ ፊልሙም ይታያል። ፈቃዱ ግን የዚያን ቀን ብቻ አይደለም፤ ሰው ገብቶ እስኪያጠፋው ድረስ ይቆያል። ከወር በኋላ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ «የባንክ አዲስ መተግበሪያ» ተብሎ ሌላ ፋይል ቢመጣ ትልቁ ጥያቄ አስቀድሞ ተመልሷል። የቀረው «ጫን» የምትለው አንዲት ቁልፍ ናት። በዚያው ስልክ ላይ ደግሞ ቴሌብር አለ፤ የባንኩ የምስጢር ኮድም በአጭር መልእክት የሚገባው እዚያው ነው።

የልጆች ጉዳይም ከዚህ አይለይም። ብዙ ወላጆች ፋሚሊ ሊንክን በመሳሰለ መቆጣጠሪያ ለልጃቸው የተፈቀዱ መተግበሪያዎችን ይመርጣሉ። ዩቲዩብና ብራውዘር ታግደዋል፤ አንድ ጨዋታና አንድ መዝገበ ቃላት ተፈቅደዋል። ልጁ ግን ጨዋታው ውስጥ «ስለ እኛ» የምትል መስመር ያገኛል። እሷን ሲነካ በዚያው በጨዋታው ውስጥ ድረ ገጽ ይከፈታል፤ ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከሌላው ወደ ሌላ ይሄዳል። ወላጅ ሲያይ ልጁ በተፈቀደለት ጨዋታ ላይ ነው ያለው።

ታዲያ ዝርዝሩ ጥቅም የለውም ማለት ነው? አይደለም። በር ጠባቂ ያለው ዳስ ከሌለው ይሻላል። ግን ዝርዝሩን አንዴ አውጥቶ መተኛት አይቻልም። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች በጽሑፍ ፈቃድ ሰጥተው «እስቲ ግቡብን» የሚሏቸውን ባለሙያዎች የሚቀጥሩት ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት የተሰበረ መስኮት ብቻ አይደለም፤ እንግዳ የሚያስከትለውን አጎትም ነው። ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ግን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ይህን ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

በቤታችንም ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገሮችን ሞክሩ። አንደኛ፣ በስልካችሁ ቅንብር ውስጥ «ያልታወቁ መተግበሪያዎችን መጫን» የሚለውን ፈልጉና ለቴሌግራም፣ ለብራውዘርና ለፋይል ማስተላለፊያዎች የተሰጠውን ፈቃድ አጥፉ፤ የእናትና የአባትንም ስልክ አትርሱ። ሁለተኛ፣ «ይህን ለማየት ያንን ጫን» የሚላችሁን ሁሉ እለፉት፤ ማዘመን ካስፈለገ ራሳችሁ ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ አዘምኑ። ሦስተኛ፣ የተቆጣጠራችሁትን ስልክ ለልጃችሁ ስጡና «አልቆጣህም፤ እንዴት እንደምታልፈው አሳየኝ» በሉት።

ሦስተኛው ከሁሉም ሳይጠቅም አይቀርም። ቀዳዳውን ያሳያችሁ ልጅ ነገ አጠራጣሪ ነገር ሲያጋጥመው ከመደበቅ ይልቅ ወደ እናንተ መምጣት ይቀለዋል። ያ ደግሞ በየትኛውም ቅንብር ውስጥ የማይገኝ ጥበቃ ነው።