አማቴን ብሎክ አላደርግም

ፍርድ ቤት በስምምነት ካፋታን አራት ወር ሆኖናል። ባለፈው ወር በ24 ስልኬ ጠራ። ተክለ ሃይማኖት የሚኖሩት አማቴ ናቸው። «ልጄ፣ የተክልዬን ዝክር ረሳሽው እንዴ? ዳቦው ሳይቆረስ እየጠበቅንሽ ነው።»

ሄድኩ።

ማታ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ጉድ ፈላ። «አበድሽ? ከልጁ ተፋተሽ ከእናቱ ጋር ቡና? ብሎክ አድርጊያቸው እንጂ! ሙቭ ኦን ማድረግ ያቃተሽ ለዚህ ነው።»

ይሄ «ሁሉንም ቁረጪ» የሚል ምክር ቲክቶክ ላይ ሃይማኖት ሊሆን ምንም አልቀረው። እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ። ዳታቤዝ ላይ «ካስኬድ» የሚባል ነገር አለ፤ አንድ መዝገብ ስታጠፉ ከሱ ጋር የተያያዙት ሁሉ አብረው ድምጥማጣቸው ይጠፋል። ለዳታ አሪፍ ነው። አማቴ ግን የልጃቸው ተቀጥላ አይደሉም። አባቴ ሲሞት እስከ ሣልስቱ ከእናቴ ጎን ፍራሽ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። እድርተኛው ድንኳኑን ሲያፈርስ እንኳ አልተነሱም። ነገ እሳቸው ቢያልፉ እኔ የት ልቁም? ድንኳኑ ውስጥ ወይስ ከደጅ?

«ሕጉ ራሱ ቆርጦታል» ለምትሉኝ፣ ሕጉን እንየው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠው። ጥሩ አደረገ፤ «ታገሺ» እየተባለች ስንቷ ተጉላልታለች! በዚሁ ሕግ የአማትና የምራት የመቀላለብ ግዴታ ጋብቻው በሞት ሲፈርስ ይቀጥላል፣ በፍቺ ሲፈርስ ግን ይቀራል። ይቅር! ግዴታው ቀረ ማለት መጠያየቅ ተከለከለ ማለት አይደለም። እንዲያውም ዝምድናችን አሁን ነው የኛ የሆነው፤ ማንም ሳያስገድደን ነዋ የምንፈላለገው።

የተቃዋሚዎቼን ነጥብ አልንቅም። ከሚደበድብ ባል አምልጣ የወጣች ሴት፣ አድራሻዋ በአማቷ በኩል እንዳያፈተልክ ሁሉንም ብትቆርጥ ደግ አደረገች። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። በደወሉ ቁጥር «ልጄን ታረቂው» እያሉ የሚያለቅሱ አማት ካሉም መራቅ ይሻላል። ለኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ነገ የምትመጣዋ ሴት ናት። በምራትነት ስትገባ ሶፋው ላይ ተደላድዬ ልታገኘኝ አይገባም። ያኔ ቡናውን ትቼ በስልክ ብቻ እጠይቃለሁ። መራራቅ ሌላ፣ መቁረጥ ሌላ።

በድብቅ መሄድም አልፈለግኩም። ስለዚህ ለሱ ደወልኩለት።

«እናትህን ብጠይቅ ይከፋሃል?»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «የኔን ወሬ ካልጠየቅሻት አይከፋኝም» አለኝ።

ተስማማን። እኔ ስለሱ አልጠይቅም፣ እሳቸውም አይነግሩኝም። አንዳንዴ ምላሳቸውን ያዳልጣቸዋል፤ ወዲያው «በይ ቡናው በረደ» ብለው ያልፉታል። እኔም ስኒዬን አነሳለሁ። ያማል? አዎ፣ ያማል። የሚያም ነገር ሁሉ ግን መርዝ አይደለም።

ጋብቻችን ሲጀመር ሽማግሌ የተላከው ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ነበር። ሲፈርስ ግን ሁለታችን ብቻ ፈረምን። ያልፈረሙትን ሰዎች ማን ጠየቃቸው? «የቀድሞ ባሌ» ማለት ለምጃለሁ። «የቀድሞ አማቴ» ግን አፌ አልለው አለ።

እና እናንተም ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ይሄ ሰው ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ምን በደለኝ? መልሱ «ምንም» ከሆነ ጣታችሁን ከስልኩ ላይ አንሱ። እኔ በመጪው 24 ድፎ ዳቦ ይዤ ተክለ ሃይማኖት ነኝ።