መኪናውም አማርኛ ይስማ

አንድሮይድ ዛሬ ስልክ ውስጥ ብቻ አይደለም። ጎግል በ2014 ስልኩን ከመኪናው ስክሪን ጋር የሚያገናኘውን አንድሮይድ አውቶን አስተዋወቀ። በ2020 ፖልስታር 2 ሲወጣ ደግሞ አንድሮይዱ መኪናው ውስጥ ተገጥሞ መጣ፤ ስልክ ማገናኘት የግድ መሆኑ ቀረ።

ግን ስልክና መኪና አንድ አይደሉም። ስልክ ሲነካኩ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው፤ መኪና ሲነዱ ዓይን መንገዱ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ለመኪና ሲያስተካክሉት ምልክቶቹን አተለቁ፣ እየነዱ ቪዲዮ ማየትን ከለከሉ፣ ብዙውን ሥራ ለድምፅ ሰጡ። ደግ አደረጉ። ድምፁ ግን በማን ቋንቋ ነው?

እዚህ እስራኤል ያሉ አባቶችና እናቶች የአንድሮይድ ስልካቸውን በአማርኛ ማድረግ ይችላሉ። ጎግል በ2017 አማርኛ ሲናገሩለት የሚጽፍ አገልግሎትም ጨምሯል። ማሽኑ አማርኛ መስማት አያቅተውም ማለት ነው። መኪና ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ጎግል አሲስታንት ግን አማርኛ ሳይማር ቆየ። መሪ የያዙ አባት "ወደ ኩፓት ሆሊም ምራኝ" ቢሉት አይገባውም። ያላቸው ምርጫ የልጅ ልጅ መጠበቅ ወይም እየነዱ በጣት መፈለግ ነው። አንዱ ነፃነት ይወስዳል፣ ሌላው ሕይወት።

አንድሮይዱን ለራሱ መኪና የሚያበጀው አምራቹ ስለሆነ ጥያቄው ለጎግል ብቻ አይደለም። መኪና የሚገዛ ሰው ዋጋውን ሲጠይቅ "አማርኛ ይሰማል ወይ?" ብሎም ይጠይቅ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ዝም ያለ ይረሳል።