ዳርክ ሞድ የዓይን መድኃኒት አይደለም!



ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ በየቤቱና በየቢሮው ያሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 ተቀይረዋል። አዲስ መልክ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ምክር አብሮ ይመጣል። «አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ መጀመሪያ ስክሪኑን ጥቁር አድርጉት፣ ዓይናችሁን ያድናል» የሚለው ምክር ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ እኔ ካርድ ክፍል ድረስ ደርሷል። ታካሚዎች ሐኪም ያዘዘው ይመስል ይነግሩኛል። ለመሆኑ ማን ነው ያዘዘው?

የስክሪን ቀለም መምረጥ የመጋረጃ ቀለም እንደ መምረጥ ነው። ከወደዳችሁት አድርጉት፤ ሕክምና ነው ግን አትበሉኝ።

ኮምፒውተር ላይ ስንቆይ ዓይናችን የሚደክመው በዋናነት ስለማናርገበግብ ነው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ የዓይን እርግብግቢት በጣም ይቀንሳል፣ እንባ ይደርቃል፣ ከዚያ ማቃጠል፣ አሸዋ የገባ መምሰልና ብዥታ ይከተላል። ጥቁር ስክሪን ላይ ብታፈጡም ያው ነው። እንዲያውም ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ስናነብ የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። አስቲግማቲዝም ያለባቸው ሰዎች ፊደሉ ዙሪያውን ብርሃን ሲረጭ ያዩታል። ጤናማ እይታ ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ጽሑፍን በተሻለ እንደሚያነቡ በጥናት ታይቷል። በቀን ብርሃን ደግሞ ጥቁር ስክሪን መስታወት ይሆናል፤ መስኮቱንም ራሳችሁንም ታዩበታላችሁ።

የሚጠቀሙበት ሰዎች የሉም ማለቴ አይደለም። ማይግሬን ኖሮባቸው ብርሃን የሚረብሻቸው፣ የዓይን ሞራ ያለባቸው፣ ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይመቻቸው ይሆናል። ለእነሱ ይመቻል ማለት ግን ለሁሉም ይታዘዛል ማለት አይደለም።

የዚህ ምክር ወንድም ደግሞ «ብሉ ላይት» የሚባለው መነጽር ነው። ዓይን ሳይለካ «የኮምፒውተር መነጽር» እየተባለ ይሸጣል፣ ወላጅም ለልጁ ይገዛል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ ይህ መነጽር ኮምፒውተር ላይ ከመቆየት የሚመጣውን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ የሚቀንስ አይመስልም ሲል ደምድሟል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም እንዲገዛ አይመክርም። ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ከፀሐይ ከምናገኘው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለዚያ መነጽር የምታወጡት ገንዘብ ለእውነተኛ የዓይን ምርመራ ቢውል ይሻላል።

አሁን ግርም ወደሚለኝ ልምጣ። ሰው አፕዴት ካደረገ በኋላ የጀርባ ምስል ሲመርጥ ሰዓት ይፈጃል፤ ለዓይኑ የሚጠቅመውን የፊደል መጠን ግን አይነካውም። ፊደል ማሳደግ የሽማግሌ ምልክት ይመስለዋል መሰለኝ! ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ መድከሙ ማንንም አይምርም፤ አንገትን ወደ ስክሪን አስግጎ መዋል ግን የአንገትና የራስ ሕመም ይጨምራል። የእኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ ያለው በአንዲት ቅጥያ ነው። ሰ እና ስ፣ ፐ እና ፕ አንሰው ሲጻፉ ተለይተው እስኪታዩ ድረስ ዓይን ይታገላል። እንግሊዝኛው በደንብ በሚነበብበት መጠን አማርኛው አይነበብም።

ስለዚህ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ «አክሰሲቢሊቲ»፣ ከዚያ «ቴክስት ሳይዝ» የሚለውን ክፈቱ። እስከ 225 በመቶ ድረስ ማሳደግ ይቻላል። ሳትጎነበሱ ማንበብ እስክትችሉ አሳድጉት። የስክሪኑን ብርሃን ከክፍሉ ብርሃን ጋር አመጣጥኑ፣ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ራቁ፣ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል በመስኮት ወደ ሩቅ ተመልከቱ። መስኮቶች ሲከፈቱና ሲዘጉ ያለው እንቅስቃሴ የሚያዞራችሁ ከሆነም እዚያው «ቪዥዋል ኢፌክትስ» ውስጥ «አኒሜሽን ኢፌክትስ» የሚለውን አጥፉት።

ወላጆች፣ እናንተን ግን እቆጣለሁ። አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጇን ለጉንፋን አመጣችው። ወሬ ስናነሳ ስክሪን ላይ እየተለጠፈ እንደሚያይ፣ ለዚህም ዳርክ ሞድ እንዳደረገችለትና መነጽር እንደገዛችለት ነገረችኝ። ስምንት ወር ሙሉ! ግራ ዓይኑን ሸፍኜ የሰሌዳውን ምልክቶች ሳሳየው ሁሉንም ነገረኝ፤ ቀኙን ስሸፍነው ግን ትልቁንም ማየት አልቻለም። ወደ ዓይን ሐኪም ላክሁት።

ይህ «ሰነፍ ዓይን» የሚባለው ችግር ነው። አንዱ ዓይን ሲደክም አንጎል በሌላው ብቻ ማየት ይለምዳል፣ የተተወውም ዓይን እየባሰበት ይሄዳል። ሕክምናው ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ውጤቱ እጅግ የተሻለ ነው፤ በዘገየ ቁጥር ይከብዳል። ልጁ አያማርርም፤ ሌላ እይታ አያውቅማ! ስክሪን ላይ የሚለጠፍ፣ አንገቱን የሚያዘነብል፣ ዓይኑን የሚያጠብ፣ አንድ ዓይኑን የሚሸፍን፣ ከሰሌዳ መገልበጥ የሚያቅተው ልጅ ካላችሁ የሚያስፈልገው የዓይን ምርመራ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖች ለየብቻ ይታዩለት።

የሩቅ እይታ ችግር እንዳይጀምራቸው የሚረዳውም ውጭ መዋል ነው። ታይዋን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎች በቀን 120 ደቂቃ ደጅ እንዲያሳልፉ ታበረታታለች። እኛ ፀሐዩ ደጃፋችን ላይ እያለ ልጁን ቤት ዘግተን የስክሪን ቀለም እንቀያይራለን።

በመጨረሻም፣ በድንገት የመብረቅ ብልጭታ ወይም የሚወርድ ጥቁር መጋረጃ የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ አንድ ዓይናችሁ ድንገት ካላየ፣ ወይም ዓይናችሁ ቀልቶ በጣም ካመማችሁ ኮምፒውተሩን ተዉትና በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።