ለታዳጊ ፒያኖ ተጫዋች ድርሰት ሲመረጥ

በፒያኖ ትምህርት መካከለኛ ደረጃ የሚባለው፣ ተማሪው ኖታ ማንበብና ሁለቱን እጆቹን ለየራሳቸው ሥራ ማዘዝ ከቻለ በኋላ፣ ነገር ግን የታላላቆቹን ሶናታዎች ክብደት ለመሸከም ገና ሳይደርስ የሚያሳልፈው ረጅም ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ጋር ስለሚገጥም፣ ታዳጊው ለሕፃናት የተጻፈውን እየናቀ ዝነኛውንና ከባዱን ይመኛል፤ መምህሩና ወላጁም ወይ ለምኞቱ ይሸነፋሉ፣ ወይ የፈተና ዝርዝር አንሥተው ምኞቱን ያፍኑታል። ሁለቱም መንገዶች ይጎዱታል። ለዚህ ዕድሜ የሚሻለው ለጣት ጥቂት የሚቀል፣ ለጆሮ ግን የሚከብድ ድርሰት ነው።

ዝና በዚህ ረገድ ደካማ መሪ ነው። የሾፓን «ፋንታዚ አምፕሮምፕቱ»፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1855 የታተመው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ቀኝ እጅ አራት ድምፅ በሚያሰማበት ጊዜ ግራው ሦስት እንዲያሰማ ያስገድዳል። የቤትሆቨን «የጨረቃ ብርሃን» ሶናታ የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ ዝግ ያለ በመሆኑ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ዜማውን የሚሸከሙት የቀኝ እጅ ደካማ ጣቶች ሲሆኑ፣ የዚያው እጅ ሌሎች ጣቶች ሦስት ሦስት ሆነው የሚፈሱትን ድምፆች በለሆሳስ መምታት አለባቸው። ከአቅም በላይ በሆነ ሥራ ላይ ወራትን የሚያሳልፍ ተማሪ የሚያተርፈው የደነደነ አንጓና በልምድ የጸና ስሕተት ነው።

በእነዚህ ፋንታ የዚያው የሾፓን የኦፐስ 28 አራተኛ ፕሬሉድ ቢመረጥ ብዙ ያስተምራል። ኦፐስ የደራሲው ሥራዎች የሚለዩበት ተራ ቁጥር ሲሆን፣ ፕሬሉድ በሾፓን እጅ አንድን ስሜት ይዞ የሚያልቅ አጭር ድርሰት ነው። ይህኛው 25 ባር ብቻ ያለው (ባር በኖታ ላይ በቋሚ መስመር የሚከለል የምት ክፍል ነው) በመሆኑ ጣት በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። ቀኝ እጅ ረጃጅም ድምፆችን ሲያዜም፣ ግራው ኮርዶችን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚመቱ የድምፆች ጥምረቶችን፣ እየደጋገመ፣ በየመሐሉም አንዱን ድምፅ በግማሽ እርከን ዝቅ እያደረገ ይወርዳል። እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ጣት ከለመደው በኋላ ነው፤ የተለወጠው ድምፅ የትኛው እንደሆነ ጆሮ ካልለየ ኮርዶቹ ተራ ድብደባ ይሆናሉ፣ ከለየ ግን እያንዳንዱ ለውጥ ያንኑ ዜማ ሌላ ቀለም ያለብሰዋል። ከእኩሌታው አልፎ ሙዚቃው አንድ ጊዜ በኃይል ስለሚነሣም፣ ተጫዋቹ እስከዚያ ድረስ ራሱን መግታት ይማራል። ይህ ሥራ በ1849 በፓሪስ ማድሌን ቤተ ክርስቲያን በደራሲው ቀብር ላይ በኦርጋን መሰማቱን ያወቀ ታዳጊ፣ የልጅ ነገር ተሰጠኝ ብሎ አይከፋም።

ሁለተኛው ምንጭ ባኽ በ1723 ያጠናቀራቸው 15 ባለ ሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች ናቸው፤ እነርሱም ቀደም ሲል ለበኩር ወንድ ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን በተዘጋጀ ደብተር ውስጥ የገቡ ነበሩ። በእነዚህ ድርሰቶች ግራ እጅ አጃቢ መሆኑ ይቀራል፤ ሁለቱ እጆች በማኅሌት ቀኝና ግራ ቆመው እንደሚቀባበሉ ሊቃውንት አንዱን ሐሳብ በእኩል ማዕርግ ይመላለሱበታል። ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ያለው ርቀት፣ በፒያኖ ላይ 16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ እጁ ገና ላላደገ ተማሪ ፈተና ነው፤ ኢንቬንሽኖቹ ግን ይህን ያህል መዘርጋትን እምብዛም አይጠይቁም። በተጨማሪም ባለ 88 ቁልፍ ፒያኖ በሌለበት ቤት፣ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚገቡ፣ በመሣሪያ ምክንያት የሚጎድል ድምፅ አይኖርም።

የክሌሜንቲ ሶናቲናዎች፣ ማለትም አጫጭር ሶናታዎች፣ ጣትን በደንብ ያሠለጥናሉ፤ የቡርግሙለር 25 ልምምዶችም እንዲሁ። ከእነርሱ ይልቅ ለዚህ ዕድሜ የሚቀርበው የሹማን የ1848 «የወጣቶች አልበም» ነው፤ ከ43ቱ ድርሰቶች የመጀመሪያዎቹ 18 ለትንንሾች፣ የቀሩት ከፍ ላሉት የተመደቡ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ክፍል ሦስቱ በርእስ ፋንታ ሦስት ኮከቦች ብቻ ስላሏቸው ትርጉሙን ተጫዋቹ ራሱ እንዲያገኝ ይገደዳል። በአምስት ድምፅ ቅኝት ላደገ ጆሮ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎችም በዚሁ መደብ ሊቆጠሩ ይገባል፤ በእነርሱ ውስጥ ጊዜ የሚፈስበት ነጻነት በባር መስመር ብቻ ለሠለጠነ ተማሪ አዲስ ትምህርት ነው።

ምርጫው የማን ይሁን ለሚለው፣ መምህሩ ከአቅም ጋር የሚመጥኑ ሦስት ወይም አራት ሥራዎችን ራሱ ተጫውቶ ማሰማት፣ የመጨረሻውን ቃል ግን ለታዳጊው መተው አለበት፤ የመረጠውን የሚያጠና ልጅ በራሱ ጊዜ ወደ ፒያኖው ይሄዳልና። በፈተና ቦርዶች ሥርዓት ሦስት ድርሰቶችን ብቻ ይዞ ዓመቱን መጨረስ የተለመደ ሆኗል፤ ከአንዱ ከባድ ሥራ ጎን በሁለት ሳምንት ተጠንተው የሚያልቁ አጫጭር ሥራዎች ያለማቋረጥ ቢሰጡት ግን፣ የኖታ ንባቡ ይፈጥናል፣ የሚያውቃቸውም ደራስያን በዓመቱ መጨረሻ በብዙ እጥፍ ይጨምራሉ።